ሰርቨሩ ቢሞትም ሳይቱ እንዳይቆም፦ ክላውድ ላይ አስተማማኝ ዌብ አፕ አሠራር

ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ሳይታችን በአዘቦት ቀን ደህና ነው፣ በዓል ሲቃረብ ግን ቀጥ ይላል። ትልቅ ሰርቨር እንግዛ?» መልሴም ሁሌ አንድ ነው፦ አትግዙ። ትልቅ ሰርቨርም ይሞታል። ትንሹ ሲሞት መቶ ሰው ካስቀየመ ትልቁ ሲሞት ሺህ ያስቀይማል። በየጊዜው በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለሚሄዱ አውቶቡሶች ትኬት የሚሸጥ ሳይት አላችሁ እንበል። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ከዚያ አባይ በረሃ። በረሃው ውስጥ አንድ ተሳቢ መንገድ ዘግቶ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፣ መኪናው አዲስ ሆነ አሮጌ ለውጥ የለውም። በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በወልድያ የሚዞር መንገድ ግን አለ። ይረዝማል፣ ያደክማል፣ ግን ያደርሳል። ሥራችን ሳይታችሁ ውስጥ ያለውን አባይ በረሃ ሁሉ ፈልጎ ለእያንዳንዱ የወልድያን መንገድ ማበጀት ነው። ከዚህ በኋላ «አባይ በረሃ» ስል ቢዘጋ ሁሉን የሚያቆም አንድ ነገር ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) አካውንት፣ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚገባበት
- ሁለት መካከለኛ ሰርቨሮች (አንድ ትልቅ ሳይሆን)
- ሎድ ባላንሰር (የሚመጣውን ሰው ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል)
- ተጠባባቂ ያለው የሚተዳደር (ክላውዱ ራሱ የሚያስተዳድረው) ዳታቤዝ፤ እዚህ ፖስትግሬስ ብዬ እሄዳለሁ፣ ማይኤስኪውኤልም ይሆናል
- ለፋይሎች ኦብጀክት ስቶሬጅ (ከሰርቨሩ ውጭ ያለ የክላውዱ ፋይል ማስቀመጫ)
- ለሴሽን (ማን ሎጊን እንዳደረገ የሚይዝ መረጃ) እና ለኬሽ (ቶሎ እንዲገኝ የተቀመጠ ቅጂ) ሬዲስ የሚባል ፈጣን ማስቀመጫ
- የራሳችሁ ዶሜይን፣ የይለፍ ቃሉ ደግሞ «ሳይቱን የሠራው ልጅ» ጋ ያልቀረ
- ከክላውዱ ውጭ ሆኖ ሳይቱን የሚጠብቅ የሞኒተሪንግ አገልግሎት
- ሁለት ሲም፣ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም ሌላው የሳፋሪኮም (ለምን እንደሆነ 10ኛው ላይ)
- ወረቀትና እስክሪብቶ። አልቀለድኩም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ቁጥር ወስኑ። አንደኛ፣ ሳይቱ በወር ስንት ደቂቃ ቢቆም ትችላላችሁ? ሁለተኛ፣ ነገር ቢበላሽ የስንት ደቂቃ ዳታ ቢጠፋ ትችላላችሁ? ደንበኛ ሁሉ «ዜሮ» ይላል። ዜሮ የሚባል የለም፣ ዋጋ ነው ያለው። 99 በመቶ መሥራት ማለት በ30 ቀን ወር ውስጥ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ መቆም ነው። 99.9 ማለት 43 ደቂቃ ገደማ፣ 99.99 ማለት 4 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። ለትኬት ሳይት 99.9 ይበቃል። ዘጠኝ በጨመራችሁ ቁጥር ወጪውም ልፋቱም ያድጋል፣ ያንን የሚከፍል ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ደረጃዎቹ

1. የሚሞተውን ሁሉ ወረቀት ላይ ሳሉ።

ተጠቃሚው ስልኩን ነክቶ ትኬቱ እስኪደርሰው ያለውን መንገድ በሳጥንና በቀስት ሳሉት። ዶሜይን፣ ሎድ ባላንሰር፣ አፕ፣ ዳታቤዝ፣ የክፍያ አገልግሎት፣ ኤስኤምኤስ። ከዚያ በየሳጥኑ ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ «ይሄ አሁን ቢሞትስ?» በሉ። መልሱ «ሁሉ ይቆማል» ከሆነ በቀይ አክብቡት። ቴክኒካል ያልሆኑትንም አትርሱ፤ የክላውዱ ሂሳብ የሚከፈልበት ካርድ ሳጥን ነው፣ የሎጊን ኮዱ የሚመጣበት የአለቃችሁ ስልክም ሳጥን ነው። ይህን ያልሳለ ሰው ሰርቨሩን ሁለት አድርጎ ሲያበቃ ሁለቱም የተንጠለጠሉበትን አንድ ዳታቤዝ ሳያየው ያልፋል።

2. ሪጅንና ዞን ምረጡ።

ሪጅን ማለት ክላውዱ ያለበት አካባቢ ነው። ዞን ማለት በሪጅኑ ውስጥ ለየብቻ መብራትና ማቀዝቀዣ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። የአማዞን የኬፕታውን ሪጅን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲከፈት ሦስት ዞን ይዞ ነው፤ ማይክሮሶፍትና ጉግል ጆሃንስበርግ አላቸው፤ አማዞን ባሕሬንና ኤምሬትስም አለ። ካርታ አይታችሁ ግን አትምረጡ። ኬብሉ በየት እንደሚዞር ካርታው አያሳይም፣ በአየር ቅርብ የሆነው በኔትወርክ ሊርቅ ይችላል። በየሪጅኑ ትንሽ የሙከራ ገጽ አስቀምጡና ከባሕር ዳር፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ በተራ የስልክ ዳታ ክፈቱት። በቢሮ ዋይፋይ ብቻ መለካት ራስን ማታለል ነው፣ ትኬት የሚቆርጠው ሰው መናኸሪያ ቆሞ ነው።

ሪጅኑን አንድ፣ ዞኑን ሁለት አድርጉ። ሁለት ሪጅን ላይ መሥራት ለአብዛኛው ሰው ካለው ጥቅም ራስ ምታቱ ይበልጣል።

3. ሰርቨሩን ባዶ አድርጉት።

ሰርቨሩ ሲሞት እንዳታዝኑ ሆዱ ውስጥ ምንም የናንተ ነገር መኖር የለበትም። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ 4 ይሮጣል፣ ከዚያ «ሎጊን አድርጌ ገጽ ስቀይር ያስወጣኛል» የሚል ስልክ ይጎርፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሴሽኑ አንደኛው ሰርቨር ላይ አለ፣ ሁለተኛው አያውቃችሁም።

- ሴሽን ወደ ሬዲስ ወይም ወደ ዳታቤዝ።
- ተጠቃሚ የሚጭነው ፎቶና ሰነድ ወደ ኦብጀክት ስቶሬጅ።
- የይለፍ ቃልና ቁልፍ ከኮዱ ወጥቶ ክላውዱ ወደሚሰጠው የሚስጥር ማስቀመጫ።
- ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ) ወደ ውጭ የሎግ መሰብሰቢያ። ሰርቨሩ ሲሞት ለምን እንደሞተ የሚነግራችሁ ሎግ አብሮት ከሞተ ምን ዋጋ አለው?
- በሰዓት የሚነሱ ሥራዎች (የቀኑን ሂሳብ መዝጋት የመሳሰለው) በአንድ ቦታ ብቻ እንዲነሱ። ሁለቱም ሰርቨር ላይ ከተዋችኋቸው ሂሳቡ ሁለቴ ይዘጋል።

መፈተኛው፦ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ከምስሉ (አስቀድማችሁ ካስቀመጣችሁት ሙሉ የሰርቨር ቅጂ) አዲስ አስነሱ። እጃችሁን ሳታስገቡ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሥራ ከጀመረ አልፋችኋል። «ቆይ አንድ ፋይል ልኮፒ» ካላችሁ ገና ናችሁ።

4. ሁለት ሰርቨር፣ ፊታቸው ሎድ ባላንሰር።

አንዱን በአንድ ዞን፣ ሌላውን በሌላ ዞን። ሎድ ባላንሰሩ በየ10 ሰከንዱ «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሦስት ጊዜ መልስ ካጣ ሰርቨሩን ከሰልፍ ያወጣዋል። ስለዚህ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ጤነኛው ይሄዳል።

«አለህ?» ለሚለው መልስ የሚሰጠውን ገጽ በጥንቃቄ ጻፉት። ዝም ብሎ 200 («ደህና ነኝ» የሚል ኮድ) የሚመልስ ከሆነ አፑ ተቀርቅሮም ቢሆን «አለሁ» ይላል። በተቃራኒው ዳታቤዙን፣ ሬዲሱን፣ የክፍያ አገልግሎቱን ሁሉ የሚፈትሽ ካደረጋችሁት ደግሞ የክፍያ አገልግሎቱ ለአንድ ደቂቃ ሲንገዳገድ ሁለቱም ሰርቨር «ታምሜያለሁ» ይሉና ሎድ ባላንሰሩ ሁለቱንም ያወጣል፣ ጤነኛ ሰርቨር ይዛችሁ ሳይት አልባ ትሆናላችሁ። ልኩ አፑ ራሱ ትንሽ ሥራ ሠርቶ እንዲመልስ ማድረግ ነው፤ የውጭ አገልግሎቶችን በዚህ አትፈትሹ፣ ለእነሱ ሌላ ማንቂያ አብጁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱም ሰርቨሮች 80 በመቶ እየሠሩ ከሆነ ሁለት ሰርቨር አላችሁ ማለት አይደለም። አንዱ ሲሞት የእሱ ጭነት በሌላው ላይ ይወርዳል፣ 160 የሚባል በመቶ ደግሞ የለም። ሁለት ከሆኑ እያንዳንዱ ከ50 በታች፣ ሦስት ከሆኑ ከ66 በታች ይሁን። በዓል ሲደርስ ደግሞ ጭነት ሲበዛ ራሱ ሰርቨር የሚጨምረውን አውቶማቲክ ማስፋፊያ ብቻ አትመኑ፣ አዲስ ሰርቨር ተነስቶ እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይወስዳል። የፋሲካ ትኬት የሚከፈትበትን ሰዓት ካወቃችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት በእጃችሁ ጨምሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

5. ዳታቤዙ።

ትልቁ አባይ በረሃ ይሄ ነው። ራሳችሁ ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ከማስተዳደር የክላውዱን የሚተዳደር ዳታቤዝ ውሰዱና በሌላ ዞን ተጠባባቂ እንዲኖረው የሚለውን ምርጫ አብሩ። ዋናው ላይ የተጻፈ ሁሉ ተጠባባቂው ላይም ሳይጻፍ «ተሳክቷል» አይባልም። ዋናው ሲሞት ተጠባባቂው አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይተካል።

እዚህ ጋ ሦስት ነገር ሰው ያሳስታል።

ተጠባባቂና የማንበቢያ ቅጂ አንድ አይደሉም። የማንበቢያ ቅጂው ከዋናው ኋላ ቀር ሊል ይችላል። ሰውዬው ወንበር 14ን ገዝቶ ገጹን ሲያድስ ገና «ክፍት ነው» ሊለው ይችላል። የወንበር ሁኔታን ሁልጊዜ ከዋናው አንብቡ፣ ቅጂውን ለሪፖርት ተዉት።

አፑ ግንኙነት ሲቋረጥበት ራሱ ደግሞ መገናኘት አለበት። ተጠባባቂው በሚገባ ተተክቶ ሳለ አፑ ግን የሞተውን አድራሻ ይዞ ግትር ብሎ ቆሞ አይቻለሁ። አድራሻውን በአይፒ (በቁጥር) ሳይሆን በስም ያዙ፣ ስሙንም ለረጅም ጊዜ እንዳያስታውስ አድርጉት።

ሦስተኛው የግንኙነት ብዛት ነው። ፖስትግሬስ ካልነካችሁት የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር 20 የሚይዝ ከሆነ በበዓል ሰርቨሩን ወደ 6 ስታሳድጉ 120 ይሆናል፣ ጭነቱን ለማቅለል ብላችሁ ዳታቤዙን ዘጋችሁት ማለት ነው። መሃል ላይ ግንኙነት የሚያጋራ እንደ ፒጂባውንሰር ያለ አስገቡ፣ ወይም ቁጥሩን በወረቀት አባዝታችሁ ገድቡ።

ዳታቤዙን ለኢንተርኔት አትክፈቱት። ከአፕ ሰርቨሮቹ በቀር ማንም ወደ 5432 ፖርት (ፖስትግሬስ የሚሰማበት በር) መድረስ የለበትም።

6. ባክአፕ፣ ከዚያ ባክአፑን መመለስ።

«ተጠባባቂ አለኝ፣ ባክአፕ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አለ። አንድ ሰው ተሳስቶ የትኬቱን ሠንጠረዥ ቢያጠፋ ተጠባባቂው በታማኝነት አብሮ ያጠፋል። ባክአፕ ከሰው ስህተት ነው የሚያድነው።

በየቀኑ ሙሉ ቅጂ፣ በመሃል ደግሞ እስከ ደቂቃው መመለስ የሚያስችለውን መዝገብ አብሩ። አንድ ቅጂ በሌላ ሪጅን፣ በሌላ አካውንት ይቀመጥ፤ አካውንቱ ራሱ ቢታገድ ወይም ቢሰረቅ ባክአፑ አብሮ እንዳይሄድ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የክላውድ ድርጅቱ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ባክአፓቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል።

ያልተመለሰ ባክአፕ ግን ባክአፕ አይባልም። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎቱ ጊትላብ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናውን ዳታ በስህተት አጥፍቶ ወደ ባክአፖቹ ሲዞር ከደረደራቸው መንገዶች ብዙዎቹ እንደማይሠሩ ያወቀው ያኔ ነው፤ የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ጠፍቷል። የእኔ ደግሞ ይኸው፦ የአንድ ደንበኛ ባክአፕ በየሌሊቱ «ተሳክቷል» እያለ ኢሜይል ይልክልኝ ነበር። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ፋይሉን ስከፍተው ዲስኩ ሞልቶ ኖሮ ለሳምንታት የተጻፈው ፋይል መጠኑ ዜሮ ነው። ጥፋቱ የእኔው ነው፣ ስክሪፕቱ መጠን አይፈትሽም ነበር። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ ባክአፑን አዲስ ዳታቤዝ ላይ እመልሳለሁ፣ የትኬቱን ብዛት ቆጥሬ ከዋናው ጋር አስተያያለሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም እጽፋለሁ። ያ ደቂቃ ነው መጀመሪያ ከወሰናችሁት ቁጥር ጋር የሚወዳደረው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ እኛ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዚያ ላይ የኛ አቆጣጠር በ6 ይለያል። «ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ይነሳ» ብላችሁ 8 ብትጽፉ የሚነሳው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፣ ሰው ትኬት ሲቆርጥ! ለሌሊት 8 መጻፍ ያለባችሁ 23 ነው።

7. ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ አድርጋችሁ ጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም በኛ አገር ሳይት «ወደቀ» ከሚባልባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ ሰርቨር የሞተባቸው አይደሉም፣ መሃል መንገድ ላይ የቀረ ጥያቄ ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነው። አንዲት እናት ደምበጫ ላይ ሆነው ትኬት ይቆርጣሉ። «ክፈል» የሚለውን ነኩ። ጥያቄው ሰርቨር ደረሰ፣ ገንዘቡ ተቆረጠ፣ መልሱ ሲመለስ ኔት ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ክቡ ይዞራል። እሳቸውም እንደማንኛችንም ደግመው ይነኩታል። ሁለት ትኬት፣ ሁለት ክፍያ፣ አንድ የተቆጣ ልጅ ስልክ ላይ፦ «ኧረ የእናቴን ብር መልሱ!»

መከላከያው፦

ሀ) ገጹ ሲከፈት ስልኩ ላይ አንድ የማይደገም ቁጥር ይፈጠር፣ ዩዩአይዲ የሚባለው ይሆናል። የክፍያ ጥያቄው ይህን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ዳታቤዙ ላይ ቁጥሩ ሁለቴ እንዳይገባ ከልክሉ። ሁለተኛ ሲመጣ እንደ አዲስ አትክፈሉ፣ የመጀመሪያውን መልስ መልሱለት። አስር ጊዜ ቢነካም አንድ ትኬት ነው። «ክፈል» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ከተነካ በኋላ በጃቫስክሪፕት ማደብዘዝ ጥሩ ነው ግን አይበቃም፣ ገጹን ቢያድሱት ቁልፉ ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ስልኩ ላይ ይቀመጥ፣ ገጹ ሲታደስም ያው ይሁን።

ለ) ወንበሩን በኮድ ሳይሆን በዳታቤዝ ሕግ ጠብቁት። «ጉዞ፣ ወንበር ቁጥር» የሚሉት ሁለቱ አንድ ላይ ተደግመው እንዳይገቡ። በኮድ «ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆ ቀጥሎ መጻፍ ሁለት ሰርቨር ባለበት አይሠራም፣ በጥያቄውና በጽሑፉ መካከል ሌላው ሰርቨር ይቀድማችኋል።

ሐ) ከክፍያ አገልግሎቱ፣ ከቴሌብር ወይም ከቻፓ፣ «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት ሊዘገይም፣ ሁለቴ ሊመጣም፣ ሊቀርም እንደሚችል ቁጠሩት። ሁለቴ ሲመጣ አንዴ ብቻ እንዲቆጠር አድርጉ። ከቀረ ደግሞ እናንተ ሂዳችሁ ጠይቁ፤ በየ2 ደቂቃው የሚነሳ ሥራ ከ5 ደቂቃ በላይ «በመጠባበቅ ላይ» የቆዩትን ሰብስቦ ሁኔታቸውን ይጠይቅ። የክፍያውን መጠን ከመልእክቱ ብቻ አትመኑ፣ ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አስተያዩ። ወንበሩ ለ10 ደቂቃ ከተያዘ በኋላ ተለቆ ሌላ ሰው ገዝቶት ክፍያው በ12ኛው ደቂቃ ቢደርስስ? ይሄ የኮድ ጥያቄ አይደለም፣ የአውቶቡሱ ባለቤት የሚመልሰው ነው። አሁን ጠይቁት፣ በበዓል ዋዜማ አይሁን።

መ) ለሁሉም ነገር የጊዜ ገደብ። ዳታቤዝ 5 ሰከንድ፣ ክፍያ አገልግሎት 10 ሰከንድ፣ ጠሪው የሚጠብቅበት ገደብ ሁልጊዜ ከተጠሪው የሚረዝም። ገደብ ከሌለ አንድ የዘገየ አገልግሎት ሰርቨሩ ውስጥ ጥያቄ የሚያስተናግዱትን ሁሉ ይዞ ያስቀምጥና ክፍያ የማይፈልገው፣ የመነሻ ሰዓት ብቻ ሊያይ የመጣው ሰውም አብሮ ይቆማል።

ሠ) ድጋሚ ሙከራው በየሰከንዱ አይሁን። 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4፣ 8፣ ከዚያ ማቆም። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ሰከንድ ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ኔት ሲመለስ መቶዎች በአንድ ቅጽበት ተነስተው ገና እያገገመ ያለውን ሰርቨር ይረግጡታል። የመናኸሪያ በር ሲከፈት የሚሆነውን አይታችኋል።

8. ሁሉ ባይሆንም ግማሹ ይሥራ።

የመነሻ ሰዓትና የዋጋ ገጹን በሲዲኤን (የገጽ ቅጂ በየቦታው አስቀምጦ የሚያድል አገልግሎት) ላይ አስቀምጡት፣ ዳታቤዙ ቢሞትም ይታይ። ኤስኤምኤስ መላክን ከክፍያው ነጥሉና ወረፋ ውስጥ አስገቡ፤ የኤስኤምኤስ አገልግሎቱ ቢቆም ትኬቱ ይቆረጥ፣ አገልግሎቱ ሲመለስ መልእክቱ ይሄዳል። ምንም ካልሆነ የሚወጣው የ503 («ለጊዜው አይሠራም» የሚል) ገጽ ደግሞ በአማርኛ ይጻፍና «ከፍለው ከሆነ ደግመው አይክፈሉ፣ ትኬትዎ በኤስኤምኤስ ይደርስዎታል» ይበል። ይህች አንዲት መስመር ስንት ስልክ እንደምትቀንስ ስታዩት ትገረማላችሁ። የምትጽፉት ግን 7ኛውን ከጨረሳችሁ ብቻ ነው፣ ያለዚያ ውሸት ነው።

9. አዲስ ኮድ ሲወጣ።

ብዙ ጊዜ ሳይት የሚጥለው እኛው ነን፣ ዓርብ ከሰዓት። አንዱን ሰርቨር ከሰልፍ አውጡ፣ በእጁ ያሉትን ጥያቄዎች ይጨርስ፣ አዲሱን ኮድ ጫኑ፣ መልሱት፣ 10 ደቂቃ እዩት፣ ከዚያ ሁለተኛውን። በመሃል አሮጌና አዲስ ኮድ አብረው እንደሚሠሩ አትርሱ። ስለዚህ የዳታቤዝ ለውጥ በሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ አዲሱን ዓምድ መጨመር፣ አሮጌውን መሰረዝ ደግሞ ማንም እንደማይነካው ካረጋገጣችሁ በኋላ በሌላ ቀን። ወደ ቀድሞው ኮድ መመለሻው አንድ ትእዛዝ ይሁን። በዓል ሲቀርብ፣ ከሳምንት በፊት ጀምሮ፣ አዲስ ነገር አይውጣ።

10. ማንቂያ።

ጠባቂው ከሚጠበቀው ቤት ውጭ ይቀመጥ። ክላውዱ ሲወድቅ እዚያው ያለው ሞኒተሪንግ አብሮ ይወድቃል። ከውጭ የሚጠብቀው መነሻ ገጹን ብቻ ሳይሆን ጉዞ የመፈለጉን ሂደትም በየደቂቃው ይሞክር። ማንቂያው ወደ ሁለት ሰው፣ በሁለት መንገድ ይሂድ። ቴሌግራም ብቻ ካደረጋችሁት ዳታ ሲጠፋ አታዩትም፣ በአንድ ሲም ብቻ ከሆነም አንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ዝም ይላል። ሁለቱ ሲም ለዚህ ነው።

ማንቂያ የሚገባቸው፦ ሳይቱ አለመመለሱ፣ የስህተት መልሶች መብዛት፣ የዲስክ 80 በመቶ መሙላት፣ የዳታቤዝ ግንኙነት ብዛት፣ «በመጠባበቅ ላይ» ያሉ ክፍያዎች መከማቸት፣ የባክአፕ ፋይል መጠን መቀነስ። እና ቀን ያላቸው ነገሮች፦ የሳይቱን ግንኙነት የሚያመሰጥረው ሰርተፊኬት (ነፃዎቹ ብዙ ጊዜ 90 ቀን ናቸው)፣ ዶሜይን፣ ካርድ። ካርዱን አታቃልሉት። የክላውድ ሂሳብ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው የሚከፈለው፣ ካርዱ ቢያልቅ ወይም ሂሳቡ ባዶ ቢሆን ሁለት ዞን፣ ሦስት ዞን አያድናችሁም፣ አካውንቱ ይታገዳል። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ደግሞ ማንም ወደማይከፍተው የድርጅቱ አድራሻ ይሄዳል። ወደ ሦስት ሰው እንዲሄድ አድርጉት፣ ከተቻለ ሁለተኛ ካርድ አስገቡ።

ሰው ተነስቶ ምንም ሊያደርግበት የማይችለውን ማንቂያ አጥፉት። ሌሊት በከንቱ ሦስት ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰው አራተኛውን ድምፁን ዘግቶት ይተኛል።

11. ሆን ብላችሁ ግደሉት።

እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ እስኪሞከር ድረስ ግምት ነው። ሰው የሚቀንስበትን ሰዓት ምረጡ፣ ለሚመለከተው ሁሉ ንገሩ፣ መመለሻውን አዘጋጁ። ከዚያ፦

- አንዱን ሰርቨር አጥፉ። ሰዓት ያዙ። ተጠቃሚ ስንት ሰከንድ ተቸገረ?
- ዳታቤዙን ወደ ተጠባባቂው አዙሩት፣ ክላውዱ ለዚህ ቁልፍ አለው። አፑ ሳይነካ ራሱ ተመለሰ?
- ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ዝጉ። የመነሻ ሰዓቱ ገጽ አሁንም ይከፈታል?
- ስልካችሁ ላይ «ክፈል» ነክታችሁ ወዲያው ዳታ አጥፉ። አብሩና ደግማችሁ ንኩ። ትኬቱ አንድ ነው?
- ሬዲሱን አጥፉ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ሁለቱም ሰርቨር በአንድ ሬዲስ ላይ ተንጠልጥለው የተገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከአምስቱ ሁለቱ ቢያልፉ አትደንግጡ። የወደቀውን ጠግናችሁ በሳምንቱ ድገሙት፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

- ሁለት ሰርቨር አንድ ዞን ውስጥ ማስቀመጥ። የሕንፃው መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ።
- የአካውንቱን ሎጊን ማረጋገጫ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ማሰር። ስልኩ ገበያ ላይ ቢጠፋ? የመጠባበቂያ ኮዶቹን አትማችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ።
- የዶሜይኑን ቲቲኤል (ሌሎች አድራሻውን የሚያስታውሱበት ጊዜ) 24 ሰዓት አድርጎ መተው። አድራሻ መቀየር ሲያስፈልግ ቀኑን ሙሉ ሰው ወደ ሞተው ይሄዳል። 60 ወይም 300 ሰከንድ አድርጉት።
- ኩበርኔቲስ (ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) ካልጫንን አይሆንም ማለት። ለሁለት ሰርቨር? እሱን የሚጠግን ሰው ከሌላችሁ ራሱ አዲስ አባይ በረሃ ነው።
- ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የተጻፈውን መመሪያ ሳይቱ ያለበት ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ። ስቃችሁ ይሆናል፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

ገንዘብ ለሁሉም ካልበቃ

ይህም ደጋግሞ ይጠየቃል። በአንድ ሰርቨር የምትቆዩ ከሆነ መጀመሪያ 3ን፣ 6ን እና 7ን ሥሩ። 3 እና 7 ከኮድ በቀር ብዙ ወጪ የላቸውም፣ 6ም በጥቂት ብር ይሆናል። ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ የዳታቤዙን ተጠባባቂ። ሁለተኛውን ሰርቨር በመጨረሻ ጨምሩ፣ ሰርቨር በ10 ደቂቃ ከምስል ይነሳል፣ የጠፋ ዳታ ግን አይነሳም። አካውንቱን በከፈታችሁ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ የወጪ ማንቂያ አብሩ፤ በዞኖች መካከል የሚያልፍ ዳታና ተረስቶ የበራ የሙከራ ሰርቨር ናቸው ሳታስቡት ሂሳቡን የሚያሳብጡት። 2ኛው ላይ በየሪጅኑ ያስቀመጣችኋቸውን የሙከራ ገጾች አጥፍታችኋል?